ቆጣሪዋ ትምህርት ገባች

ሰፈሩ በስሟ አይጠራትም፤ «ቆጣሪዋ» ነው የሚላት። ውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ቆጣሪ ማንበብ ከጀመረች አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷታል። የትኛው ውሻ ጮሆ ብቻ እንደሚተው፣ የትኛው ድምፅ ሳያሰማ እንደሚናከስ፣ የትኛዋ እመቤት «የለችም በሏት» ብላ ከመጋረጃው ጀርባ እንደምትቆም አብጠርጥራ ታውቃለች። ጫማ አይበረክትላትም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ «እኔ እሰፋለሁ፣ አንቺ ትቀጃለሽ» እያለ ይቀልድባታል።

የምታነበው መስመር ከላይ ከኮረብታው ይጀምርና ታች ወንዙ ዳር ያልቃል። ላይ ሰፈር ቆጣሪው ከአጥር ውጭ በብረት ክዳን ሥር ስለሆነ፣ ማንንም ሳታናግር ክዳኑን በመንጠቆዋ ታነሳለች፣ ቁጥሩን ትጽፋለች፣ ትሄዳለች። ታች ሰፈር ግን ለአሥራ አንድ ቤተሰብ ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። እሱም የሰው ልብስ እያጠቡ በሚተዳደሩ አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ነው የተቀበረው። እዚያ ሳይጫወቱ ማንበብ የለም። ባልቴቷ በርጩማ ያወጡላታል፣ ስለ ወገባቸው ሕመም ይነግሯታል፣ ጎረቤት ያሙላታል፤ እሷም እግሯን ታሳርፋለች።

ከሥራ መዝገቧ ሌላ ሽፋኗ የተላጠ አንዲት ደብተር ነበረቻት። በየበሩ የሰማችውን እዚያ ላይ ትጽፋለች። ላይ ሰፈር «አበባዬ ሊደርቅ ነው፣ ግፊቱ ለምን ቀነሰ?» ይሏታል። ታች ሰፈር «ዓርብ ይመጣል ወይስ እንደ ማክሰኞው ሊቀር ነው?» ይሏታል። ወንዙ ዳር ውሃ የሚለቀቀው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ይህን ለክፍል ኃላፊዋ ብታነሳ፣ ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣

«ማስረጃሽ ምንድነው?» አላት።

«በዓይኔ የማየው ነገር ነው።»

«እህቴ፣ ዓይን አይፈርምም።»

ይቺ ቃል እንደ እሾህ ገብታ ቀረች። ቀን ስትሠራ ትረሳታለች፤ ማታ ጫማዋን ስታወልቅ ትወጋታለች።

በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲውን ቆጣሪ ልታነብ ገብታ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር እግሯ ተተከለ። «የከተማ ባህልና የማኅበራዊ ኑሮ ልዩነት ጥናት፣ ሁለተኛ ዲግሪ፤ ለሠራተኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ» ይላል። መንጠቆዋን እንደያዘች ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበችው። የመጀመሪያ ዲግሪዋን በጂኦግራፊ፣ በርቀት ትምህርት፣ እየወደቀች እየተነሳች በስድስት ዓመት ነበር የያዘችው። ከዚያ ወዲያ ዲግሪው ቁም ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ለባሏ ስትነግረው መቀሱን አስቀመጠ።

«ሀብታምና ድሃ መለያየታቸውን ለማወቅ ነው እንዴ ትምህርቱ? ሽቅብ ውጪ፣ ቁልቁል ውረጂ፣ አለቀ! ዕድሜሽን ሙሉ የተማርሽው እሱን አይደል?»

«ማወቅና ማስረዳት ለየቅል ናቸው።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመትሽ ነው እኮ።»

«እግሬ ነው ያረጀው። ጭንቅላቴ ገና ከካርቶኑ አልወጣም።»

ሳቀና የመቁረጫ ጠረጴዛውን ግማሽ ጠረገላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጠረጴዛው አንድ ጫፍ ሱሪ ይቆረጣል፣ በሌላው ጫፍ መጽሐፍ ይነበባል። ጠመኔው ገጿ ላይ፣ የእስክሪብቶዋ ቀለም የደንበኛ ሸሚዝ ላይ እየተገኘ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ ከረሙ።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሰባት ተማሪዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ልጆቿ ባይሆኑም ታናናሾቿ ናቸው። ንባቡ በባዕድ ቋንቋ ስለነበር አንዱን ገጽ ለመጨረስ መዝገበ ቃላቱን ሃያ ጊዜ ትገልጣለች። ገጹ ሲያልቅ ደግሞ መጀመሪያው ጠፍቶባት እንደገና ከላይ ትነሳለች። አጠገቧ የምትቀመጠው የአንድ አርክቴክት ልጅ ነበረች። ልጅቷ መጽሐፍ እንደ ውሃ ትጠጣለች። ነገር ግን ሰው አናግራችሁ ኑ ሲባሉ ባዶ ወረቀት ይዛ ትመለሳለች፤ መንገደኛ ሁሉ ያፈጠጠባት ይመስላታል። ቆጣሪዋ በተቃራኒው፣ መንገደኛው ሳትጠይቀው ነው የሚነግራት። እንዲህ የተለያየ ጉድለት አገናኛቸውና አብረው ማጥናት ጀመሩ። አንድ እሑድ ልጅቷ ቤቷ ጠራቻት። አድራሻውን ስትሰማ ቆጣሪዋ ፈገግ አለች፤ በመስመሯ ላይ ያለ ቤት ነው።

ስታንኳኳ ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ አያት።

«ምነው ያለ ቀንሽ? ቆጣሪው እንደሆነ ካለበት አልተነሳም፣ እዚያው ውጭ ነው።»

«ለጥናት ነው የመጣሁት ጋሼ።»

«ምን ልታጠኚ? ግቢውን?»

ዘበኛው በራሱ ቀልድ ተንከተከተ። ልጅቷ ከውስጥ ሮጣ ባትመጣ ኖሮ እዚያው ቆማ ትቀር ነበር። የአርክቴክቱ ልጅ በሐፍረት ፊቷ ቀልቶ ይቅርታ ለመጠየቅ ስትንተባተብ፣

«ተይ ባክሽ፣ ሰውየው ምን አጠፋ?» አለቻት ቆጣሪዋ። «አሥራ አራት ዓመት ክዳኑን እንጂ በሩን ከፍቼ አላውቅም። ይልቅ ምዕራፍ ሁለትን ክፈቺ።»

አንደኛው ዓመት በዚህ ዓይነት አለቀ። በሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ መጣ። አማካሪዋ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ዶክተር ናቸው። ስለ ወንዙ ዳር ውሃ ሃያ ሁለት ገጽ ጽፋ ሰጠቻቸው፤ የደብተሯን ሁሉ አራግፋበታለች። በሳምንቱ ሲመልሱላት ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር እንኳን አላሰመሩም።

«ይሄ የምታውቂው ነው» አሏት። «ያገኘሽው የቱ ነው?»

«አሥራ አራት ዓመት በእግሬ የለካሁት እኮ ነው ዶክተር።»

«እሱማ ያስታውቃል። ችግሩ መልሱን በኪስሽ ይዘሽ ነው ልትጠይቂ የምትሄጂው። እንዲያ ከሆነ ሰዎቹን ለምን ታደክሚያቸዋለሽ?»

ደሟ ፈላ። ወደ ቤት ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ለራሷ እያጉተመተመች አጠገቧ ያለችውን ሴት አስደነገጠች። ባሏ ጉዳዩን ሰምቶ «እውነታቸውን ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ሲጠይቃት ደግሞ እሱንም አኮረፈችው። ሁለት ቀን አኩርፋ በሦስተኛው ደብተሯን አነሳችና ወደ ወንዙ ዳር ወረደች።

ያን ቀን የመሥሪያ ቤቱን ካፖርት አልለበሰችም። በእጇ የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ይዛለች። ባልቴቷ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋት፤ በርጩማው አልወጣም።

«እማማ፣ ዛሬ ለትምህርቴ ነው የመጣሁት። ስለ ውሃው ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ።»

«ያ የያዝሽው የመሥሪያ ቤትሽ ወረቀት ነው?»

«አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲው ነው።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው ይዘሽው ተመለሺ። ማኅተም ያለው ወረቀት እዚህ ሰፈር ገብቶ ደግ ነገር አምጥቶ አያውቅም።»

ወሬው ቀድሟት ነበር የደረሰው። «ቆጣሪዋ ትምህርት ገባች፤ በድብቅ ቱቦ የቀጠለውን ሁሉ ስም እየመዘገበች ልታስቆርጥ ነው» ተብሎ ሰፈሩ ተጨንቋል። ብትምል ብትገዘት የሚሰማት አጣች። እያባበለች ልታግባባቸው ስትሞክር ባልቴቷ አቋረጧት።

«ለመሆኑ አንቺ ስለ ውሃችን ምን ታውቂያለሽ? ውሃ ሲመጣ መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ደብዳቤውን አጠፈችው። መሥሪያ ቤቱ ወደዚያ ሰፈር አንባቢ የሚልከው ውሃ በማይለቀቅበት ቀን ነው። የቆጣሪው መርፌ እንዲቆም፣ ንባቡ እንዳይዛባ። ስለዚህ ሁልጊዜ ሰኞ ወይም ሐሙስ ነበር የምትመጣው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በዚያ ቧንቧ ውሃ ሲወርድ አንድ ቀን አላየችም። የምታውቀው ደረቁን ቱቦ ነበር።

ቀስ ብላ ዳገቱን ወጣች። ስለ ሽማግሌው ዶክተር ያሰበችውን ክፉ ነገር ሁሉ በመንገዷ እያነሳች ተጸጸተችበት።

በማግሥቱ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ተዋዋለች፤ እሱ የማክሰኞ መስመሯን ሊያነብላት፣ እሷ የቅዳሜውን ልትሠራለት። «ቅዳሜን ሰጥቶ ማክሰኞን የሚወስድ ሞኝ ገና ዛሬ አየሁ» ብሎ ሳያስጨርሳት ተስማማ። ቢጫ ጀሪካን ገዛች። ከሌላው እንዳይምታታባት ባሏ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ሰፋላት።

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ካለው ቧንቧ ስትደርስ አርባ ሁለት ጀሪካን ተሰልፏል። ገሚሱ ባለቤቱ የለም፤ በላዩ ድንጋይ ወይም ያረጀ ጫማ ተቀምጦለታል። ወረፋውን የምታስከብረው አንዲት ድምፀ ትልቅ አትክልት ሻጭ ነበረች፤ ሰፈሩ «ዳኛዋ» ይላታል።

«ያንቺ ቤት ውሃ የለውም?» አለቻት ዳኛዋ።

«አለው።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ልጠብቅ።»

«ተሰልፎ መጠበቅ አምሮኝ መጣሁ የሚል ሰው!» ብላ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «በይ ከመጨረሻ ነሽ። እዚህ ዲግሪ አይቀድምም።»

ሴቶቹ አውካኩ። እሷም ጀሪካኗን ከመጨረሻ አኖረች። ውሃው የመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ሳለ፣ ቀጥሎ ቡኒ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። አርባኛው ጀሪካን ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። እሷ አርባ ሦስተኛ ነበረች። ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ስትመለስ ክንዷ የቀለለውን ያህል ልቧ ከበዳት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን እንደገና እዚያው ተገኘች፤ በሚቀጥለውም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብተር አልያዘችም፤ መጠበቅ ብቻ። ስትጠብቅ የወረፋውን ሕግ ተማረች። አራስ ያለችበት ቤት ይቀድማል፤ ሐኪም ቤት የሚሄድ ይቀድማል፤ የተሳደበ ወደ መጨረሻ ይወርዳል፤ ውሃ የደፋ ሌላ ተራ አይሰጠውም፣ ግን ከሁሉም ጀሪካን ትንሽ ትንሽ ይንጠባጠብለታል። ፀጉር የሚሠራው፣ ሠርግ የሚታሰበው፣ ጠብ የሚታረቀው ሁሉ እዚያው ነው። ቀልዱም የወረፋ ቀልድ ነው። አንዷ «ባልሽስ እንዴት ነው?» ሲሏት «ቧንቧ ነው፤ ድምፁን እንጂ ውሃውን አላየሁትም» ብላ ሰልፈኛውን ሁሉ በሳቅ አፍርሳዋለች። ቆጣሪዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእነሱ ጋር የቆጠሯት።

በአራተኛው ሳምንት ባልቴቷ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ጠጋ አሉላት።

«ተቀመጪ፣ እግርሽን ጠላሽው እንዴ?»

ከጎናቸው ተቀመጠች። ስለ ውሃው ግን አልጠየቀችም።

አምስተኛው ማክሰኞ ላይ አንድ ነገር ዓይኗ ገባ። ሁለት ሰዓት ሲሆን እናቶቹ ወደየሥራቸው ይሄዱና በቦታቸው ሴቶች ልጆቻቸው ይተካሉ። ከፊቷ የቆመችው ልጅ ከሹራቧ ሥር የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ለብሳለች።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ የኔ ልጅ?»

«አለ። እኔ ግን ማክሰኞና ዓርብ አልሄድም።»

«ማን ከለከለሽ?»

«ውሃው።»

«ወንድም የለሽም?»

«አለኝ። እሱ ጀሪካን መያዝ ያፍራል፤ ሄዷል።»

ልጅቷ ይህን የተናገረችው ፀሐይ ወጣች እንደሚል ሰው ነው። ቆጣሪዋ ግን ሃያ ሁለቱን ገጽ ስትጽፍ ስለ ግፊት፣ ስለ ቱቦ፣ ስለ ጀሪካን ክብደት ሁሉን ብላ ነበር፤ ይህን አላለችም፤ አላወቀችማ።

ከሰፈሩ በላይ ያለው ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር የመቅረት መዝገቡን ለማሳየት መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ፤ በትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈ ደብዳቤ አምጪ አላት። ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤት እስኪወጣ አምስት ሳምንት ፈጀ። በየሦስት ቀኑ እየሄደች በራቸው ላይ ስትቆም ጸሐፊዋ «አንቺ ሴትዮ፣ ቆጣሪ የምታነቢው በኛ ላይ ነው እንዴ?» እስክትላት ደረሰች። በመጨረሻ መዝገቡ ተፈቀደ። የአርክቴክቱ ልጅ አብራት መጣች፤ አቧራ እያስነጠሳቸው የሦስት ዓመት የመቅረት መዝገብ እየተቀባበሉ ገለበጡ። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ የወንዙ ዳር ሴት ልጆች ማክሰኞና ዓርብ የሚቀሩት በሌሎቹ ቀናት ከሚቀሩት ሦስት እጥፍ ነበር። የወንዶቹ ከቀን ቀን ልዩነት የለውም። አንድ የሒሳብ አስተማሪ በትከሻቸው ላይ አጎንብሶ አየና፣ «እኛ እኮ ሰነፎች ናቸው ስንል ኖርን» ብሎ ወጣ።

ወረቀቱን ስታሳያቸው ሽማግሌው ዶክተር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ይሄን አታውቂውም ነበር።»

«አላውቀውም ነበር ዶክተር።»

«እንግዲህ አሁን ጀመርሽ ማለት ነው።»

የተጀመረ ነገር ግን ጠላት አያጣም። ክፍል ኃላፊዋ ወሬው ደርሶት አስጠራት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነው።

«የመሥሪያ ቤቱን ገመና አደባባይ ልታወጪ ነው አሉኝ።»

«ስለ ሴት ልጆች ነው የምጽፈው።»

«ፓምፑ አንድ ነው፤ ላይኛውን ሞልቶ ነው ታችኛውን የሚያየው። እኔ ውሃ ልውለድ?»

«ይገባኛል። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለምን ማክሰኞ? ለምን ዓርብ?»

ሰውየው የፕሮግራሙን ወረቀት አገላበጠ። ከሱ በፊት ከነበረው ኃላፊ የተረከበው ፕሮግራም ነው፤ ያም ኃላፊ ከበፊቱ የተቀበለው ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ።

«ቅዳሜ ቢሆንስ?»

«ቅዳሜማ ውሃውን የሚከፍተው የቫልቭ ሠራተኛ ዕረፍት ነው።»

የተናገረው ነገር ለራሱም ሳይገርመው አልቀረም። ነገር ግን አለቃ ሆኖ መገረም አይመችምና ድምፁን አጠነከረ። ከዛሬ ጀምሮ የወንዙ ዳር መስመር ከሷ ተነስቶ ለሌላ ተሰጥቷል፤ ላይ ሰፈርን ብቻ ታነባለች።

«መስመሩን ይውሰዱት» አለች ብድግ ብላ። «ወረፋውን ግን ሊወስዱብኝ አይችሉም።»

በሩን ዘግታ ወጣች። ሥራዋን ብታጣ የባሏ መርፌ ብቻውን ቤቱን እንደማይሸከም ታውቃለች። ባሏ ግን ነገሩን ሲሰማ «ስንት ምዕራፍ ቀረሽ?» አላት። «ሁለት» ስትለው፣ «እንግዲያው ኩርሲውን ሳቢ፤ ሱሪው ይቆየኛል» አላት።

ጽሑፉን ከማስገባቷ በፊት ወደ ወረፋው ይዛው ወረደች። ውሃ እስኪመጣ ስለ ሰዎቹ የሚናገረውን ምዕራፍ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ገና አንድ ገጽ ሳትጨርስ ዳኛዋ እጇን አወጣች።

«ቆይ! 'ሴቶቹ ዝም ብለው ይጠብቃሉ' ያልሽው እነማንን ነው? እኔ ነኝ ዝም የምል?»

«አይ፣ ማለቴ...»

«ማለትሽን ሳይሆን የጻፍሽውን ነው የሰማሁት። ሰርዢው!»

እዚያው ሰረዘችው። ባልቴቷ እስኪያልቅ ታግሰው ሰሙና ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ስለ ወገቤ ያልሽውን አውጪልኝ ልጄ። እሱን የነገርኩት ለቆጣሪዋ ነው፣ ለተማሪዋ አይደለም።»

ይህኛው አመማት፤ ምዕራፉ ውስጥ ከሁሉ የምትወደው አንቀጽ ነበር። የአርክቴክቱ ልጅ «ስም እስካልጠቀስሽ ድረስ ችግር የለውም እኮ» ብትላትም አልሰማቻትም። አንቀጹን ሙሉ በሙሉ አወጣችው። ባልቴቷ በምትኩ ማክሰኞ ስንት ደንበኛ እንደሚቀርባቸው፣ ልብስ ማጠቢያው ቀን ከውሃው ቀን ሲጋጭ ምን እንደሚያደርጉ፣ ቁጭ ብለው ራሳቸው እየተናገሩ አስጻፏት።

ጽሑፏን የምትከላከልበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ከኋላ ባሏ ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ፣ አጠገቡ ዳኛዋ ክንዷን አጣጥፋ ተቀምጠዋል። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዘው ፈታኝ ገጾቹን አገላብጦ ሲያበቃ ቀና አለ።

«አንቺ የዚሁ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነሽ። ራስሽ የችግሩ አካል አልነበርሽም?»

ሽማግሌው ዶክተር ጎንበስ አሉ።

«ነበርኩ» አለች። «ገጽ ዘጠኝ ላይ ጽፌዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት የሄድኩት ውሃ በማይኖርበት ቀን ነው። ያነበብኩት ቁጥር ትክክል ነበር፤ ያየሁት ግን ምንም አልነበረም። ይሄን ጥናት የጀመርኩት ሌላውን ልከስስ ነው፤ የጨረስኩት ራሴን ጠይቄ ነው።»

«ታዲያ እንዴት እንመንሽ?»

«እኔን አይመኑኝ። የትምህርት ቤቱን መዝገብ ይመልከቱ፤ ሦስቱም ዓመት ከኋላ ተያይዟል።»

ፈታኙ ወደ ኋላ ገለጠ፤ ረጅም ጊዜ አየ። ሌላ ሁለት ጥያቄ ጠየቃት፤ አንዱን መለሰች፣ አንዱን «አላውቅም፣ አልደረስኩበትም» አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥቂት እርማት አድርጋ እንድታስገባ ተብሎ «በጣም ጥሩ» ተሰጣት። ዳኛዋ ከኋላ «ይገባታል!» ብላ ስትጮህ ፈታኞቹ ሁሉ ዞረው አዩ።

ከዚያ በኋላ ተአምር አልወረደም። ጽሑፏን በአራት ገጽ አሳጥራ ለክፍል ኃላፊዋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት፤ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ወራት አለፉ። አንድ ቀን «ለአሠራር ምቹነት ሲባል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የዓርቡ ውሃ ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል። የሷ ስም፣ የሴት ልጆቹም ነገር የትም አልተነሳም። የሚያስቀው፣ የቫልቭ ሠራተኛው ቅዳሜ መሥራት ይጎዳው እንደሆነ እስከዚያ ድረስ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሲጠየቅ «ዓርብ ባርፍ ይሻለኛል፤ ቅዳሜማ የሚስቴ ዘመዶች ነው የሚመጡብኝ» ብሎ አረፈው።

ማክሰኞ ግን አልተነሳም። ትምህርት ቤቱ የትምህርት መንፈቁን በዘጋ ቁጥር ሄዳ መዝገቡን ትገለብጣለች። ዓርብ የሚቀሩት ሴት ልጆች ከግማሽ በታች ወርደዋል፤ የማክሰኞው እንዳለ ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥቷት ለአዲሶቹ ተማሪዎች የመስክ ማስታወሻ አያያዝ ታስተምራለች፤ ቀን ቀን ላይ ሰፈርን ታነባለች።

ባለፈው ወር ዳኛዋ ሰባት ሴቶች አስከትላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ለአራተኛ ጊዜ መጣች። የማክሰኞው ውሃም እንዲዛወር የሚጠይቀውን ማመልከቻ ባልቴቷ ናቸው ያስጻፉት፤ ቆጣሪዋ የጨመረችበት የመዝገቡን ቁጥር ብቻ ነው። ሠራተኛ ስለሆነች አብራቸው ልትገባ አትችልም። ኮሪደሩ ላይ ተገናኝተው ወረቀቱን ለመጨረሻ ጊዜ አየችውና አንድ ቁጥር አርማ መለሰችላቸው። እነሱ የኃላፊውን በር ሲያንኳኩ፣ እሷ የዕለቱን መዝገቧን ብብቷ ሥር አድርጋ ዳገቱን ጀመረች።